የጠዋቷ ኪኒን

«ያኛውን፣ ከላይ ያለውን፤ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነውን» አለች ደንበኛዋ፣ በጣቷ ወደ ጣሪያው እያመለከተች።

ባይነሽ በርጩማዋን ጎትታ ወጣችበት። ማርያማዊት በሩ ላይ ቆማ ጃንጥላዋን እያራገፈች ስለነበር እናቷን ያየቻት ከጀርባዋ ነው። አንዱ እጇ ጋቢውን ለመሳብ ተዘረጋ፤ ሌላው የመደርደሪያውን ጠርዝ ጨበጠ። ከዚያ በኋላ ግን የተዘረጋው እጇ ወደፊት አልሄደም፣ ወደ ኋላም አልተመለሰም። የሚንቀሳቀሰው ትከሻዋ ብቻ ነበር፤ ዳገት ሮጦ እንደጨረሰ ሰው ትከሻ ከፍ ዝቅ ይላል።

«እማዬ?»

«ቆይ... ትንፋሼ... ቆይ አንዴ።»

ማርያማዊት ጃንጥላውን ወርውራ ወገቧን ያዘቻት። ቀስ አድርጋ አውርዳ የታሰረ የነጠላ ክምር ላይ አስቀመጠቻትና ራሷ ወጥታ ጋቢውን አወረደች። ደንበኛዋ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፣ ዋጋ ጠየቀች፣ «ዞሬ እመጣለሁ» ብላ ዝናቡ ውስጥ ገባች።

«አትመጣም» አለች ባይነሽ፤ ትንፋሿ ገና አልተረጋጋም። «የምትመጣ ብትሆን ኖሮ ዋጋ ስነግራት ትከራከረኝ ነበር።»

ነሐሴ ሊያልቅ ነው። የፍልሰታ ጾም ከተፈታ ወዲህ ሸማ ተራ ፋታ የለውም፤ ለእንቁጣጣሽ ነጠላ የሚፈልግ፣ ለልጁ ቀሚስ የሚያሰፋ፣ ሳይገዛ ነካክቶ የሚሄድ ሁሉ በጠባቧ መተላለፊያ ይተራመሳል። የባይነሽ ሱቅ ሁለት ሰው ከቆመበት ሦስተኛውን አያስገባም። ፊት ለፊቷ የጋሽ ባህረዲን የልብስ ስፌት ቤት አለ። ሁለቱ ሱቆች ከመቀራረባቸው የተነሳ የጋሽ ባህረዲን ማሽን ሲንቀሳቀስ የባይነሽ መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል።

«ነጠላሽ ረጥቧል፤ አምጪው ላስጣው» አለች ማርያማዊት።

ባይነሽ ሳታስብ አውልቃ ሰጠቻት። ልጅቱ ከበሩ በላይ ባለው ገመድ ላይ ልትሰቅለው ስትል ጫፉ ላይ የተቋጠረ ነገር እጇን ነካው። ሳንቲም መስሏት፣ እንዳይወድቅ ብላ ፈታችው። ሳንቲም አልነበረም። ትንንሽ፣ ክብ፣ ነጭ ኪኒኖች ናቸው። ጥቂቶቹ ደህና ናቸው፤ የቀሩት ርጥበት አሟሙቷቸው እንደ ጠመኔ ጨርቁ ላይ ተለጥፈዋል።

አወቀቻቸው። በየማለዳው ለኮምፒውተር ትምህርት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር በእናቷ መዳፍ ላይ የምታስቀምጣት ኪኒን ናት። እናቷም በየማለዳው «ቁርሴን ልቅመስና እውጣታለሁ» ትላለች። ሚያዝያ ላይ፣ እግሯ አብጦ ጤና ጣቢያ የሄደች ጊዜ፣ ሐኪሙ ሕመሟ የልብ ድካም እንደሆነ ነግሯታል። ልቧ ደም ለመግፋት አቅም ስላነሳት ውሃ እግሯና ሳንባዋ ላይ ይጠራቀማል፤ ይቺ ትንሽ ኪኒን ያንን ውሃ በሽንት ታስወጣዋለች።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ባይነሽ መጀመሪያ ያየችው ልጇን ሳይሆን ፊት ለፊት ያለውን ሱቅ ነው። ጋሽ ባህረዲን አንገታቸውን ደፍተው ይሰፋሉ።

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«የጠዋቷ ኪኒን እኮ ናት!»

«ምን እንደሆነችማ አውቃለሁ። ሌሎቹን አንድም ቀን አልዘለልኩም። ይቺን ብቻ ነው።»

«ለምን?»

«አንዴ ከዋጥኳት የምከፍተው ሱቅ አይደለማ፤ ሽንት ቤት ነው!» ባይነሽ ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቋ መሃል ላይ ሳል ሆነ። «ያለው ሽንት ቤት ደግሞ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ተራውን ጨርሼ፣ መኪና የሚራገፍበትን አልፌ፣ ያንን ሁሉ ጭቃና ተሸካሚ ተጋፍቼ ስደርስ ሰልፉ ይጠብቀኛል። ተመልሼ ቁጭ ሳልል ደግሞ ያስነሳኛል። ሱቅ ዘግቼ፣ ከፍቼ፣ ዘግቼ... የበዓል ገበያተኛ ዝግ በር ካየ ወደ ጎረቤት ነው የሚሄደው።»

«ጋሽ ባህረዲንን አደራ ብትያቸውስ?»

«አንድ ቀን አልኳቸው። ሦስተኛ ጊዜ ስነሳ ‹ባይነሽ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?› አሉኝ። ተራው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ምን ልበላቸው? ሽንቴ ነው ልበል?»

«ማታስ?»

«ማታ ግቢው ጭቃ ነው፤ ሽንት ቤቱ ታች ነው፤ ብርዱን ታውቂዋለሽ።»

«እንደዚያ ከሆነ ጠዋት ጠዋት እኔ ልቀመጥልሽ።»

«አንቺማ ትምህርትሽን ተማሪ! ጨርቅ ሳጥፍ የኖርኩት እኔ እበቃለሁ።» ባይነሽ የልጇን እጅ ይዛ የተለጠፈባትን ነጭ ዱቄት በአውራ ጣቷ ጠረገችላት። «በዓሉ እስኪያልፍ ነው። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ ለዶክተሩ እውጣለሁ ነው የምለው። አንቺም ዝም። ለአባትሽም እንዳትነግሪው፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ መሪ ይዞ ሐሳብ እንዳይገባው።»

ማርያማዊት ነጠላውን ሰቀለችው።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ግን እናቷን በሌላ ዓይን ታያት ጀመር። ባይነሽ ትራሷ ሥር ሁለት አሮጌ ጋቢ አጥፋ ከፍ እንደምታደርግና ተቀምጣ ናት በሚያሰኝ ሁኔታ እንደምትተኛ አየች። ከሱቅ ተመልሳ ካልሲዋን ስታወልቅ የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀለበት ትቶ ይቀራል። አንድ ቀን እግሯን እያጠበችላት፣ የምታሽ መስላ ቅልጥሟ ላይ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች። ሥጋው እንደ ሊጥ ጎደጎደ። ጣቷን ካነሳች በኋላም ጉድጓዱ አልተመለሰም፤ ውሃው በሳህኑ ውስጥ መወዛወዙን እስኪያቆም ድረስ እዚያው ነበር።

«ምን ትኮረኩሪኛለሽ?» አለቻት ባይነሽ።

«ምንም። ቀዝቅዘሻል።»

በማግስቱ ኮምፒውተር ወደሚማሩበት ወጣት ማዕከል አብረው ሲሄዱ ለኢክራ ነገረቻት። ኢክራ የጋሽ ባህረዲን ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥም አንድ ወንበር ላይ ናቸው።

«ለአባትሽ ብትናገሪ ግን አላውቅሽም!»

«ኧረ ባክሽ፣ ለአባዬ ምን አስወራኝ? እሱ እንደሆነ የሚያወራው መርፌ ሲሰበርበት ብቻ ነው።» ኢክራ ኩሬ ዘለለችና ዞራ ጠበቀቻት። «አንቺ ግን ለሐኪሙ ለምን አትነግሪውም?»

«እናቴን ፊት ለፊቷ ውሸታም ላድርጋት?»

«እሱስ ሼም ነው» አለች ኢክራ። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ግን ጨመረች። «ግን እኮ፣ ማርዬ፣ እሷ አፍራ ዝም ካለች፣ አንቺም አፍረሽ ዝም ካልሽ፣ ማን ሊያወራ ነው? ኪኒኗ?»

ማርያማዊት ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ መሳቋ አናደዳት።

ሐሙስ ጤና ጣቢያው በሳል ተሞልቶ ነበር። አግዳሚው ላይ ካፖርት የደረበ፣ ሻርፕ የጠመጠመ፣ ሕፃን በፎጣ የጠቀለለ ሁሉ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ባይነሽ ቀኑን ሙሉ ጋቢ ትሸጣለች፤ የለበሰችው ግን ስስ ሹራብና ነጠላ ነው። ማርያማዊት የራሷን ጃኬት አውልቃ ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገችላት።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ድምፁ ለስለስ ያለ። ባይነሽን ሚዛን ላይ አቆማት፣ ካርዱን አየ፣ እንደገና ሚዛኑን አየ። የደም ግፊቷን ለካ። ጀርባዋን በማዳመጫው አዳመጠ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ ቅልጥሟ ላይ በጣቱ ተጫነና ልክ ማርያማዊት እንዳደረገችው ጉድጓዱ እስኪመለስ ጠበቀ።

«ውሃው ጨምሯል፤ ሳንባዎም ላይ አለ» አለ። «መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ።»

«የሽንቱንም?»

ባይነሽ ወለሉን አየች። «እሱንም።»

«እንግዲያው አልበቃዎትም ማለት ነው።» ዶክተሩ ግንባሩን ቋጠረ። «እጥፍ አደርገዋለሁ። በእሱም ካልተሻለዎት ሆስፒታል ተኝተው በመርፌ መውሰድ ሊኖርብዎት ነው።»

እስክሪብቶውን አነሳ። ማርያማዊት የእስክሪብቶውን ጫፍ እያየች የሒሳብ ፈተና ትዝ አላት። የተሰጠው ቁጥር ስህተት ከሆነ ስሌቱ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን መልሱ ስህተት ነው። ይህ ሰው በጥንቃቄ፣ ጎበዝ ተማሪ እንደሚያሰላ እያሰላ ነው። የተሰጠው ቁጥር ግን የእናቷ ውሸት ነው። ዞር ብላ አየቻት። ባይነሽ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ ትጠቀልላለች።

‹እናቴ አትውጠውም› ማለት አልቻለችም። ዝም ማለትም አልቻለችም።

«ዶክተር» አለች፣ «እማዬ ሱቅ አጠገብ ሽንት ቤት የለም።»

እስክሪብቶው ቆመ።

«ማርያማዊት!» አለች ባይነሽ።

«ሩቅ ነው። ብቻዋን ነው የምትሸጠው። አሁን ደግሞ በዓል ስለደረሰ...»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ያየው ልጅቱን ሳይሆን እናቷን ነው፤ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ሴት ሐኪም ብጠራልዎት ይቀልዎታል? እችላለሁ።»

ባይነሽ ፊቷ ቀልቶ ራሷን ነቀነቀች። «ካወቁትማ በኋላ ምን ያደርጋል።»

ዶክተሩ ፈገግ አለ፤ እሷም ሳታስበው ፈገግ አለች። ከዚያ ስለ ሱቁ ጠየቃት። ስንት ሰዓት እንደምትከፍት፣ ስንት ጊዜ እንደሚያስነሳት፣ ውሃ ትጠጣ እንደሆነ። ባይነሽ በመጀመሪያ በአጭር በአጭሩ፣ በኋላ ግን ተራ ነገር እንደምታወራ ሰው መለሰችለት።

«ሰዓቷን መቀየር እንችላለን» አለ በመጨረሻ። «ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስተው ይዋጧት። ኃይሏ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ እስከ ሦስት ሰዓት ቤትዎ ከቆዩ ዋናው ነገር እዚያው ያልቅልዎታል። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለቴ ያስነሳዎት ይሆናል። መዝለል ግን አይቻልም። በተለይ በክረምት። ብርድ የደም ሥርን ያጠባል፤ ልብዎ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ነው የምትለፋው። ጉንፋን ከተጨመረባት ደግሞ አትችለውም።» ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። «እጥፉን አላዝም። የዛሬዋን ሱቅ ሲደርሱ ይዋጡ፤ የዛሬ ሳምንት ይምጡና ለውጡን እንይ። ተኝተው ትንፋሽ ካፈነዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ይምጡ። ወጥዎ ውስጥ ጨው ይቀንሱ። እና፣ እናቴ፣ ከሚሸጡት ጋቢ አንዱን ይልበሱ።»

ታክሲ ውስጥ ባይነሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ማርያማዊት ጆሮዋ ድረስ ይግላታል። መርካቶ ወርደው ወደ ሸማ ተራ ሲያቀኑ እናቷ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ መሸጫ ደጃፍ ላይ ቆመችና ጆግ አንስታ ማገላበጥ ጀመረች። ጆግ እንደማትፈልግ ማርያማዊት ታውቃለች። ትንፋሽ እየሰበሰበች ነው።

«አሳጣሽኝ» አለች ባይነሽ፣ ዓይኗን ከጆጉ ሳታነሳ።

«አውቃለሁ።»

«ወንድ ፊት!»

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

ባይነሽ ጆጉን መለሰችው። «እጥፍ ቢያዝልኝ ኖሮ ግን» አለች ቀስ ብላ፣ «በዓሉ ሲያልፍ የማያስፈልገኝን እጥፍ ልውጠው ነበር። ያዘዘልኝ ነው ብዬ።» የማርያማዊትን ክንድ ያዘች፤ እንደተያያዙ ሄዱ።

ሱቁን ከፍተው ጨርቁን ከሰቀሉ በኋላ ባይነሽ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

«እስከ ሦስት ሰዓት ቤት ብቆይ ሱቁን ማን ይከፍተዋል?»

«እኔ።»

«ትምህርትሽስ?»

ማርያማዊት መልሱን ታክሲ ውስጥ አዘጋጅታ ነበር። ‹ከሰዓት በኋላም ፈረቃ አለ› ልትላት ነው። የከሰዓት ፈረቃ የለም። ግን ዓረፍተ ነገሩ ለምላሷ ቀላል ነበር፤ ቢወጣ እናቷ እፎይ ትላለች፣ ነገሩም ያልቃል። አፏን ከፈተች። እናቷ ቀና ብላ ልታምናት ተዘጋጅታ ትጠብቃታለች።

በዚያች ቅጽበት የነጠላው ቋጠሮ ጣቷ ላይ ያለ መሰላት። እናቷም ‹ቁርሴን ልቅመስና› ስትላት ልክ እንዲህ ቀልሏት ይሆናል። ለልጇ ብላ።

«የጠዋት ብቻ ነው» አለች። «የከሰዓት የለም። እስከ መስከረም ይቀርብኛል።»

«አስጠልቶሽ ነው?»

«አይደለም። ይከፋኛል። ግን ይሻላል።»

ባይነሽ ትክ ብላ አየቻት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የጋሽ ባህረዲን ማሽን ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል።

«ሙሉውንማ አይቀርብሽም» አለች ባይነሽ። «ግማሹን።»

ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለችና መተላለፊያውን ተሻገረች። ማሽኑ ቆመ።

«ጋሽ ባህረዲን።»

«አቤት፣ ባይነሽ።»

«አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር። ከሳምንቱ ግማሹን ጠዋት ልጄ ትከፍታለች። በቀረው ቀን እኔ ነኝ፤ ደጋግሜ እወጣለሁ። ሱቁን እንዲያዩልኝ ነው። ለልቤ መድኃኒት እውጣለሁ፤ ሽንት ያበዛል።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነው ያለችው፤ ያን ያህል ትንፋሽ ከየት እንዳመጣች ማርያማዊት ገረማት።

ጋሽ ባህረዲን መነጽራቸውን አወለቁ። «ያን ቀን የተመላለስሽው ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ሰው ፊት ምን ነካሽ አልኩሽ! አፉ በይኝ።» መነጽሩን በሸሚዛቸው ጠረጉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ያለው ድምፃቸው ግን መተላለፊያውን ተሻግሮ ይሰማል። «እኔ ስኳር እንዳለብኝ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላውቅም!»

«ወላሂ። ልጆቼም ቢሆኑ እዚህ እንዴት እንደምውል አያውቁም። የሰው ጨርቅ ጥዬ ወዴት ልሂድ? እግሬን አጣምሬ ነው የምሰፋው! ባለፈው ያቺ ሙሽራ ቀሚሴ ተንጋደደ ብላ የጮኸችብኝ ለምን ይመስልሻል?»

ባይነሽ ሳቋ አመለጣት። ጋሽ ባህረዲንም ሳቁ። እሷ በሩን ይዛ፣ እሳቸው ማሽናቸው ላይ ተደፍተው፣ የሚያልፈው ገበያተኛ እስኪዞር ድረስ ሳቁ።

«በይ እንግዲህ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «አንቺ ስትሄጂ እኔ አያለሁ፤ እኔ ስሄድ አንቺ። የት ነበርሽ፣ የት ነበሩ የለም።»

«የለም።»

ጋሽ ባህረዲን ተነሱ። ማሽኑን ከነጠረጴዛው በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እግሩን ሲሚንቶው ላይ እያንጫጩ አዞሩት። እስከ ዛሬ ጎኑን ሰጥቶ የቆመው ማሽን አሁን ፊቱ ወደ ባይነሽ ሱቅ ሆነ።

ባይነሽ ስትመለስ ጉንጮቿ ርሰው ነበር፤ በዝናብ ይሁን በሳቅ አይታወቅም። ከመደርደሪያው አንድ ቡኒ ጥለት ያለው ጋቢ መዘዘችና ሳታመነታ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ቦርሳዋን ከፍታ ኪኒኗን አወጣች።

«ውሃ ስጪኝ።»

ማርያማዊት ቀድታ ሰጠቻት። እጇን፣ አፏን፣ ጉሮሮዋን እያየች መቆም አማራት። ግን አልቆመችም። ጀርባዋን ሰጥታ በሩ ላይ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። ለኢክራ ጻፈች፦ «ነገ አልመጣም፤ ሱቅ እከፍታለሁ። ሰኞ ግን አጠገብሽ ቦታ ያዢልኝ።»

ከኋላዋ ብርጭቆው ጣውላው ላይ ሲቀመጥ ሰማች። ዞራ አላየችም።